ባለ 7 ሳንቲሙ አክሲዮንና የቀበሌ 14ቱ ቻርት

ክሩን፣ ማለትም በአንድ የኢንተርኔት መወያያ መድረክ ላይ በመልስ በመልስ የተያያዘውን ውይይት፣ የከፈተው «ባለካንድሉ» በሚል ስም የሚጽፍ የባሕር ዳር ልጅ ነው። ጥያቄ ብሎ ይጀምረው እንጂ የጻፈው ሙግት ነው፤ በአነስተኛ የማዕድን ፍለጋ ኩባንያዎች አክሲዮን ለመነገድ ቻርት፣ ማለትም የዋጋውን መውጣትና መውረድ የሚያሳየው ሥዕል፣ ብቻውን ይበቃል ባይ ነው። የቁፋሮ ሪፖርት ማንበብ፣ ሥራ አስኪያጁ ማን እንደሆነ ማጣራት፣ የወርቅን ዋጋ መከታተል ትርፍ ድካም ነው፤ ሰው የሚያውቀው ሁሉ ዋጋው ውስጥ ገብቶ አልቋል ይላል። ሐሳቡ የራሱ አይደለም። ከአሜሪካዊው የገበያ ጋዜጠኛ ከቻርልስ ዳው ዘመን ጀምሮ ቻርት አንባቢዎች ሲቀባበሉት የኖሩት መነሻ ነው። እሱ ግን ቀበሌ 14 ካፌ ተቀምጦ ትናንት ማታ እንደደረሰበት አድርጎ ነው ያቀረበው።

ለማስረጃ አንድ ሥዕል አያይዟል። በካናዳው ቲኤስኤክስ ቬንቸር ገበያ የሚሸጥ የአንድ ወርቅ ፈላጊ ኩባንያ ቻርት ነው፤ የመድረኩ ደንብ ስለሚከለክል ስሙን አልጠራም። በ4.5 የካናዳ ሳንቲም ተገዝቶ 7 ደርሷል፤ በእሱ ስሌት 55 በመቶ ትርፍ። 7 ላይ ቀይ አግድም መስመር አስምሮ ሬዚስታንስ፣ ዋጋው ሲወጣ የሚያግደው ጣሪያ፣ ብሎታል፤ ያንን ከሰበረ እስከ 12 የሚያቆመው የለም ይላል። የካናዳ ገበያ በእኛ ሰዓት ከቀኑ 10፡30፣ እነሱ ክረምት ሲገቡ ደግሞ 11፡30 ስለሚከፈት ከሥራ ወጥቶ ይደርስበታል። ግዢና ሽያጩን የሚያዝዘው ካልጋሪ የሚኖረው የእህቱ ባል ነው። ባለካንድሉ ቻርቱን አይቶ በቴሌግራም ይልካል፣ አማቹ ይፈጽማል። ጥያቄዋ መጨረሻ ላይ ነው የመጣችው፦ ከ10 ሳንቲም በታች ለሆነ አክሲዮን የ50 እና የ200 ቀን የዋጋ አማካይ ይሻላል ወይስ አርኤስአይ፣ ዋጋው ከልክ በላይ መውጣት መውረዱን ከ0 እስከ 100 የሚለካው ቁጥር?

የመጀመሪያዎቹ ሁለት መልሶች እንኳን ደስ ያለህ ብለው መቼ ግዙ መቼ ሽጡ የሚል የሲግናል ቻናል ካለው ሊንኩን እንዲልክላቸው የለመኑ ናቸው። 3ኛዋ የባንክ ሠራተኛ ናት፤ በትሕትና ነው የጻፈችው። እሷ በምትሠራበት ቅርንጫፍ ለሕክምና፣ ለትምህርትና ለጉዞ ካልሆነ የውጭ አክሲዮን ልገዛ ብሎ የመጣ ሰው ዶላር እንደማያገኝ፣ ብሩ በሐምሌ 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህም ይህ እንዳልተቀየረ አስታወሰች። አክሲዮን ያማረው ሰው እ.ኤ.አ. በጥር 2025 አዲስ አበባ ላይ ሥራ የጀመረውን የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ እንዲመለከትም መከረች። መጀመሪያ የተመዘገበው ወጋገን ባንክ ነው፤ ማዕድን ግን እዚያ አልጠቀሰችም። ባለካንድሉ በ4ኛው መልስ አመስግኖ ዶላሩም አካውንቱም የአማቹ እንደሆነ፣ የእሱ ድርሻ ዓይኑ ብቻ እንደሆነ ጻፈ። ኪሳራ ሲመጣስ የማን ይሆናል የሚል ሰው ወዲያው አልመጣም። በኋላ ግን መጥቷል።

5ኛው መልስ ፓፒረስ አካባቢ ተቀምጦ ዩሮና ዶላር የሚነግድ ልጅ ነው። ቻርት እንደሚሠራ ከራሱ ልምድ መስክሮ፣ አርኤስአይን ዌልስ ዋይልደር እ.ኤ.አ. በ1978 እንዳወጣውና የተለመደው ስሌቱ የ14 ጊዜ እንደሆነ አስተማረ። ከ70 በላይ ተጋነነ፣ ከ30 በታች ተጣለ። 6ኛው ትምህርቱን ተቀብሎ አንድ እርማት ጨመረ፦ ዋይልደር መለኪያውን ያዘጋጀው ለሸቀጥ ገበያ ነው፣ በየቀኑ ብዙ ሺህ ውል ለሚገበያይበት። ዩሮና ዶላርም እንደዚያው ነው። ቀኑን ሙሉ አንድ ገዢ ለማይመጣለት አክሲዮን ያው ቁጥር ያውን ትርጉም ይሰጣል ወይ ሲል ጠየቀ። ጥያቄው ቢናቅም ደግ ነበር።

7ኛው ላይ ነገሩ መልክ ያዘ። ጸሐፊዋ ቶሮንቶ የምትኖር የሒሳብ ባለሙያ ናት፤ ያደገችው እዚሁ ጊዮርጊስ ሰፈር እንደሆነ ቀድማ ተናግራለች። በቬንቸር ገበያ ከ50 ሳንቲም በታች የሆነ አክሲዮን ዋጋው የሚራመደው በግማሽ ግማሽ ሳንቲም ነው አለች። ከ6.5 ወደ 7 የምትባለው ትንሿ እርምጃ ያ ብቻ ናት፣ በመቶኛ ሲሰላ ግን 7.7 ትሆናለች። በዚህ ዋጋ አንድ ሎት፣ ገበያው የሚቀበለው መደበኛ የግብይት ብዛት፣ 1,000 አክሲዮን ነው። ስለዚህ ማንም ሰው ገበያው ሊዘጋ ሲል በ70 የካናዳ ዶላር አንድ ሎት ገዝቶ የዕለቱን ካንድል፣ ቀኑ የተከፈተበትንና የተዘጋበትን ዋጋ የምታሳየዋን ዘንግ፣ አረንጓዴ ሊያደርገው፣ ቻርቱ ላይም የ7.7 በመቶ ጭማሪ ሊያጽፍ ይችላል። የባለካንድሉን ሥዕል አጉልታ ስታየው ብዙዎቹ ካንድሎች አካል የሌላቸው ጭረቶች ሆነው አገኘቻቸው። ተከፍተው በዚያው የተዘጉ ናቸው፤ ጭራሽ ግብይት ያልነበረባቸው ቀናትም አሉ። የ200 ቀኑ አማካይ እንግዲህ የምን አማካይ ነው? ብላ ጠየቀች እንጂ አልሰደበችውም።

እኔን ከክሩ ሁሉ የያዘኝ ይህ 70 ዶላር ነው። ሰፖርት (ዋጋው ሲወርድ የሚደግፈው ወለል)፣ ሬዚስታንስ፣ ጭንቅላትና ትከሻ የሚባለው የቻርት ቅርጽ ሁሉ የብዙ ሰው ፍርሃትና ጉጉት ዋጋው ላይ ዱካ ይተዋል ከሚል እምነት የመጣ ነው። ብዙ ሰው ከሌለ የማን ዱካ ነው የሚነበበው? ባለካንድሉ ይህን ጥያቄ እስከ መጨረሻው በቀጥታ አልመለሰም።

8ኛው የእሱ ነበር። ቮሊውም፣ የተገበያየው አክሲዮን ብዛት፣ ያልጨመረበትን ብሬክአውት፣ ማለትም የመስመር መስበር፣ እንደማያምን፣ ይህን ጀማሪ ሁሉ እንደሚያውቀው ጻፈ፤ ቃሉ ላይ ትንሽ መኮፈስ ነበረበት። 9ኛው ሊያግዘው ገብቶ የኤምአይቲው አንድሩ ሎና ሁለት ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2000 ያሳተሙትን ጥናት ጠራ፤ ከ1962 እስከ 1996 የነበሩ የአሜሪካ አክሲዮኖችን በኮምፒውተር ፈትሸው አንዳንድ የቻርት ቅርጾች ተጨማሪ መረጃ እንደሚሰጡ አግኝተዋል። እውነት ነው፣ አግኝተዋል። ግን የፈተሹት በኒውዮርክና በናስዳክ ያሉትን ነው፤ ባለ 7 ሳንቲሙን አይደለም። ይህን ልዩነት ማንም አላነሳም፤ ስለዚህ እዚህ አነሳሁት።

10ኛው ረጅም ነው። «ጥቁር ድንጋይ» የሚባለው ጸሐፊ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የምድር ሳይንስ ተምሮ ቤኒሻንጉል ውስጥ በፍለጋ ካምፕ የሠራ ሰው ነው። ስለ ገበያ አላውቅም ብሎ ጀመረና ስለ ጉድጓድ ተናገረ። የእነዚህ ኩባንያዎች ዋጋ በዓመት ውስጥ በቁም ነገር የሚቀየረው ጥቂት ቀን ነው፣ የቁፋሮ ናሙና ከላቦራቶሪ ሲመጣ። በቶን ስንት ግራም፣ በስንት ሜትር ውፍረት፤ ወርቁ ያለው በዚያ መስመር ነው፣ በቀዩ መስመር አይደለም። ዜናው ከባድ ሲሆን የካናዳው ተቆጣጣሪ ግብይቱን አስቁሞ ነው የሚያስነግረው። ሲከፈት ዋጋው ከ7 ወደ 4 ዘልሎ ይወርዳል፣ በመሀል ያሉት ቁጥሮች ላይ ማንም አይገዛም። 6 ላይ ስቶፕ ሎስ፣ ዋጋው እዚህ ከወረደ ይሸጥልኝ የሚል ትእዛዝ፣ ያስቀመጠ ሰው በ4 ይሸጥለታል። ለዚህ ነው የማዕድን ሰዎች ሌላ ቻርት የሚያውቁት ይላል፤ የካናዳው የማዕድን ፋይናንስ ኩባንያ የፍራንኮ-ኔቫዳ መሥራች ከሆኑት አንዱ ፒየር ላሶንድ ያስለመደውን። ግኝት ሲሰማ ዋጋው ይወጣል፤ ከዚያ ጥናትና ፈቃድና ብድር ሲጎተት ሰው ይሰለቻል፣ ዋጋውም ለዓመታት ይተኛል፤ ማምረት ሲቃረብ እንደገና ይነሳል። በዚህ መንገድ ላይ ኩባንያው የት እንዳለ ሳያውቁ የ50 ቀን አማካይ ማስላት ለእሱ ትርጉም የለውም።

ከዚያ ብሪ-ኤክስን አመጣ። የካናዳ ኩባንያ ነበር፤ ኢንዶኔዥያ ቡሳንግ ላይ 71 ሚሊዮን አውንስ ወርቅ አለኝ ብሎ የገበያ ዋጋው ወደ 6 ቢሊዮን የካናዳ ዶላር ወጥቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1997 የአሜሪካው የማዕድን ኩባንያ ፍሪፖርት በጎን ቆፍሮ የረባ ወርቅ እንደሌለ ሲናገር ዋጋው በአንድ ቀን ተናደ፤ በግንቦት ስትራትኮና የተባለው አጣሪ ናሙናዎቹ ወርቅ እየተነሰነሰባቸው እንደነበር አረጋገጠ። በ2001 የመጣው 43-101 የሚባለው የካናዳ ደንብ፣ ብቃት ያለው ባለሙያ ያልፈረመበትን የማዕድን መጠን ማውጣት የከለከለው፣ የዚያ ጠባሳ ነው። ቻርቱ ግን እስከ 1996 ድረስ እንከን አልነበረውም አለ ጥቁር ድንጋይ።

11ኛው የያዘው ይህችን ዓመት ነው። ፓፒረስ ያለው ልጅ ተመልሶ መጥቶ፣ የብሪ-ኤክስ ዋጋ ጫፍ የነካው በ1996 ከሆነና መጋቢት 1997 ሲመጣ ከዚያ ጫፍ ብዙ ወርዶ ከነበረ፣ ቻርት የሚያነብ ሰው ጂኦሎጂስቱን ሳይጠብቅ ይወጣ ነበር ማለት ነው ሲል ተከራከረ። ጥሩ ምት ነበረች፤ ዋጋው በእርግጥ ቀድሞ ወርዶ ነበር። ጥቁር ድንጋይ በ12ኛው መለሰለት። ያኔ የወረደው ከመንግሥትና ከትልልቅ ኩባንያዎች ጋር የባለቤትነት ድርድር ስለተነሳ ነው፣ ወርቁ ሐሰት መሆኑን አውቆ የሸጠ ገበያ አልነበረም አለ። በምክንያትም ይሁን ያለ ምክንያት የወጣ ሰው ገንዘቡን አትርፏል የሚለው የ13ኛው መልስ ደግሞ በአንድ መስመር ሁለቱንም ዝም አሰኘ።

14 እና 15 ላይ ቋንቋው ተበላሸ። አንዱ የተማረ ሁሉ በደመወዝ እየኖረ ሀብታም ሊሆን የተነሳን ልጅ እንደሚያኮላሽ ጻፈ፤ ሌላው ደግሞ ሲሉ ሰምታ የታነቀችውን ዶሮ ጠቅሶ፣ በሰው አካውንት የሚጫወት ሰው ነጋዴ ሳይሆን ተመልካች ነው አለ። የኪሳራው ጥያቄ እዚህ ነው የተነሳው፣ በጣም ክፉ በሆነ አነጋገር። አወያዩ ሁለት መልስ ሰርዞ ሁሉም እንዲከባበር አሳሰበ። 16 ቁጥር ስለዚህ የአወያዩ ነው።

17ኛው የጣና ዳር አሳ ነጋዴ ነው፤ በክሩ ውስጥ እንደ እሱ አጭርና ግልጽ የጻፈ የለም። ማለዳ ሁለት ታንኳ ብቻ የገባ ቀን አንድ የሆቴል ሰው ቸኩሎ ለቆሮሶው የጠየቁትን ይከፍላል። ያ ዋጋ ተከፍሏል፣ ውሸት አይደለም። ግን ያንን ሰምቶ ሠላሳ ታንኳ አሳ ይዞ የሚመጣ ሰው በዚያ ዋጋ የሚገዛው አያገኝም። የቶሮንቶዋ ሴት ስለ 70 ዶላር ያለችው ይኸው ነው አለና፣ ዋጋው የሚነሳው በጾም ወራት እንደሆነ በጎን ጣል አደረገ።

በጎን ጣል ያደረጋት ናት ክሩን የወሰደችው። ከ18 እስከ 22 ያለው አሳ በዐቢይ ጾም ይበላል አይበላም የሚል ነው። አንዱ አባቶች አይፈቅዱም አለ፣ ሌላው ባሕር ዳር ተወልዶ በጾም አሳ ያልበላ ካለ ይነሳ አለ፣ ሦስተኛው እምቦጭ ሐይቁን ከወረሰው ወዲህ የትኛውን አሳ ነው የምትከራከሩበት ብሎ ሁለቱንም ገሠጸ። ስለ ማዕድን የሚያወራ ሰው ጠፋ። አወያዩ ይህን አልሰረዘም፤ ምናልባት እሱም እያነበበ ነበር።

ክሩን የመለሱት በ23ኛው አንድ አዛውንት ናቸው። ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሒሳብ ክፍል ጡረታ የወጡ ናቸው፤ ሁሉም ጋሼ ይላቸዋል። ባለካንድሉን ልጄ ብለው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁት፦ ኩባንያው ስንት አክሲዮን አለው፣ አምና በዚህ ጊዜስ ስንት ነበረው? ቻርቱ ላይ ፈልገው እንዳላገኙት ጻፉ። ባለካንድሉ አላወቀም፤ አለማወቁንም በትሕትና ነው የተናገረው።

መልሱን ያመጣችው የቶሮንቶዋ ሴት ናት። ጋሼን አንቱ ብላ፣ የኩባንያውን ስም በውስጥ መስመር ከባለካንድሉ ጠይቃ፣ ሰነዱን አንብባ ነው 24ኛውን የጻፈችው፤ በእኔ ግምት የክሩ ቁም ነገር እዚህ ነው። ፈላጊ ኩባንያ ገቢ የለውም። ገንዘብ ሲያልቅበት አዲስ አክሲዮን ለተመረጡ ገዢዎች ይሸጣል፣ ብዙ ጊዜ በቅናሽ። ይህም በቅርብ ወራት 40 ሚሊዮን አክሲዮን በ5 ሳንቲም ሸጧል፤ ከእያንዳንዱ ጋር በ7 ሳንቲም ሌላ አክሲዮን የመግዛት መብት፣ ዋራንት የሚሉትን፣ ሰጥቷል። ባለካንድሉ ቀይ መስመር ያሰመረበት 7 ሳንቲም ይህ ነው። ዋጋው እዚያ ሲደርስ ባለ ዋራንቶቹ ገበያ ላይ ይሸጣሉ፣ በመብታቸው በ7 እየገዙ ይተካሉ። መስመሩ ትክክለኛ ቦታ ላይ ነው የተሰመረው፤ ግን ከላዩ ያለው እስከ 12 የተከፈተ ሜዳ ሳይሆን 40 ሚሊዮን አዲስ አክሲዮን ነው። በዚያ ላይ በካናዳ ሕግ እንዲህ የተገዛ አክሲዮን ለ4 ወር ከአንድ ቀን አይሸጥም። ቀኑ ሲሞላ በ5 የገዙት በ6.5 ወይም በ7 ለመሸጥ ነፃ ይሆናሉ፤ ቀሪው ጊዜ ሦስት ሳምንት ነበር።

እኔ ቻርትን ከሚንቁት ወገን አይደለሁም። ልጁ ዓይን አለው፣ ሰነዱን ሳያይ 7ን አግኝቷል። ችግሩ መስመሩን ማግኘት መስመሩ ለምን እዚያ እንዳለ ማወቅ መስሎት ነው። ለምን እንዳለ ቢያውቅ ከላዩ 12 ብሎ አይጽፍም ነበር።

25ኛው ያገራችንን ወርቅ በለንደን ለምን አንነግድም የሚል ወጣት ነበር። ወለጋ ቱሉ ካፒ ላይ ያለው ኬፊ በለንደን ኤይም ገበያ፣ ጋምቤላ ሰገሌ ላይ ያለው አኮቦ በኦስሎ እንደሚሸጡ ጻፈ፤ ቢያንስ አገሩን እናውቀዋለን ባይ ነው። ጥቁር ድንጋይ በ26ኛው ቀዝቀዝ አድርጎ መለሰለት። ቱሉ ካፒ ላይ ኬፊ የገባው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው፤ ከዚያ ወዲህ ለፋይናንስ ሲባል በተደጋጋሚ አዲስ አክሲዮን ሸጧል፣ ስለዚህ የጋሼ ጥያቄ እዚያም ይጠየቃል። ሽሬ አካባቢ ይፈልጉ የነበሩ የካናዳ ኩባንያዎችም በእኛ አቆጣጠር በ2013 ጥቅምት ማብቂያ የትግራይ ጦርነት ሲነሳ የመስክ ሥራቸውን አቆሙ፤ ያንን በየትኛው ካንድል እንዳየው የሚነግረኝ ካለ ልስማ አለ። ማንም አልነገረውም። ከዚህ በኋላ አንድ ሰው ዳታ በተዘጋባቸው ወራት ቻርት ማየት ያልቻለ ነጋዴ ከሌሎቹ ይልቅ ትርፋማ ሆኖ እንደወጣ አወራ። ሳቅ ነው፤ ማስረጃ አላቀረበም።

29ኛው መልስ ከካልጋሪ መጣ፤ የባለካንድሉ አማች ራሱ። ከመጀመሪያው ጀምሮ ሲያነብ እንደነበረ፣ ማንንም ማሳፈር እንደማይፈልግ፣ የሚስቱን ወንድም እንደ ታናሽ ወንድሙ እንደሚያይ አስቀድሞ ገለጸ። ከዚያ ቁጥሩን አስቀመጠ። 200,000 አክሲዮን በ4.5 ሳንቲም፣ በ9,000 ዶላር ገዝቷል። ቻርቱ 7 ሲል ወረቀት ላይ 14,000 ሆኗል። ባለካንድሉ ግማሹን ሽጥ ብሎ በቴሌግራም ሲልክለት ግን ገበያው ላይ የቆመው ገዢ በ5.5 ሳንቲም ለ12,000 አክሲዮን ብቻ ነበር፤ ከዚያ በታች 5፣ ከዚያ በታች 4.5። አንድ አክሲዮን እንኳ አልሸጠም። ለልጁ ያልነገረው ደስታውን ላለመስበር ነው።

30ኛው የባለካንድሉ ነው፤ አጭር ነው። አማቹን ጋሼ ብሎ ይቅርታ ጠየቀ፣ 55 በመቶ ያለውንም ከመጀመሪያው ጽሑፍ አጠፋው። የአማቹ ደግ ዝምታ ነገሩን እዚህ ደረጃ እንዳደረሰው አንዳንዱ አስተያየት ሊሰጥ ሞክሯል፤ የቤተሰብ ነገር ስለሆነ አወያዩ አላስቀጠለውም።

የቀረው ሥራ ነበር። የቶሮንቶዋ ሴት በ32ኛው አማቹን፣ በገበያው በተገኘው ዋጋ ይሸጥልኝ ብሎ ማዘዝ ማለት እስከ 4.5 ያሉትን ገዢዎች በራሱ እጅ ጠራርጎ ዋጋውን መጣል እንደሆነ አስጠነቀቀችው። ዋጋውን ወስኖ፣ በትንሽ በትንሹ ከፋፍሎ፣ ቮሊውም በሚነሳበት ቀን እንዲያቀርብ መከረችው፤ እንዲህ ዓይነቱ አክሲዮን በርከት ያለ ገዢ የሚያገኘው ዜና በወጣበት ቀን ነው። ጥቁር ድንጋይ ኩባንያው ናሙና ወደ ላቦራቶሪ መላኩን ከመግለጫው አንብቦ ነገረው፤ ውጤቱ ከሦስት ሳምንቱ በፊት ሊደርስ ይችላል፣ ላይደርስም ይችላል፣ ሲደርስም በየትኛው በኩል እንደሚያዘልለው አይታወቅም አለ። አማቹ በ34ኛው ከሰኞ ጀምሮ 20,000 በ6.5፣ ሌላ 30,000 በ6 እንደሚያቆም ጻፈ። ባለካንድሉ በየቀኑ ከ10፡30 ጀምሮ የቮሊውሙን ዘንግ ብቻ እንዲያይለት፣ 300,000 ካለፈ ቴሌግራም ትቶ እንዲደውልለት ጠየቀው። ባለካንድሉም እሺ ጋሼ አለ፤ አወያዩ ክሩን እስከ ሰኞ ክፍት ተወው።